የተያዘ ወንበር

መሃል ከተማ በመኪና የሚገባ ሁሉ የሚከፍለው ገንዘብ በእጥፍ ከጨመረ ወዲህ ባሏ በአውቶቡስ መሄድ ጀመረ። መጀመሪያ ሲራገም የነበረው ሰው፣ ሰንበት ሲል ጠዋት ጠዋት ፂሙን ተላጭቶ እየተጣደፈ ይወጣ ጀመር። ነገሩ አልጥማት አለ። ስለዚህ አንድ ቀን ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ተከተለችውና አውቶቡሱ ውስጥ ከኋላው ተቀመጠች። ባሏ አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳውን አስቀምጦ፣ ልቀመጥ ያለውን ሁሉ "ሰው አለው" እያለ መለሰ። "ማን ትሆን ደግሞ?" አለች በሆዷ።

የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ባሏ ቦርሳውን ብድግ አደረገ። የገቡት ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከልጃቸው ጋር ዓይንና ናጫ ሆነው የኖሩት፣ በልጃቸው ሠርግ ቀን እንኳ ብቅ ያላሉት፣ እሷም በፎቶ ብቻ የምታውቃቸው የባሏ አባት። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በኋላ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ያንን የመኪና ክፍያ ሊያነሱት ነው የሚባለው እውነት ነው?"

"ቢያነሱትም በዚሁ ነው የምሄደው፣ አባባ።"

ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ጠጋ አሉ። እሷም ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ሳያዩዋት ቀስ ብላ ወረደች።