ለጋኔን ያከራዩት ሴትዮ

«ለዘንገና ሐይቁ ጋኔን ቤት ያከራዩት ሴትዮ እኮ እማማ ይታይሽ ናቸው» ሲባባሉ ሰማሁ ብላ የመጣችው ጎረቤቲቱ ማስተዋል ናት። ሁለት ተማሪዎች ባጃጅ ውስጥ ስለ አንድ መጽሐፍ ሲያወሩ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ነው የመጣችው።

እማማ ይታይሽ ፊደል ቢለዩም መጽሐፍ አይገፉም። ማስተዋልን መጽሐፉን አስገዝተው ሦስት ቀን አስነበቧት። ዛሬ ግቢያቸው ውስጥ ከጓደኛቸው ከሽታዬ ጋር የዘር ድንች እየለዩ፣ ተከራያቸውን ሃናን ያስጠሯታል። መጽሐፉን የጻፈችው እሷ ናት።

«ጋኔንሽ አይከፋም» ይሏታል ገና ሳትቀመጥ። «ከሐይቁ ወጥቶ ባጃጅ መንዳቱን ወድጄለታለሁ። ፍቅር ፍቅር ሲል ግን እንቅልፍ ወሰደኝ።»

«አመሰግናለሁ እማማ።»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም።»

ማስተዋል ፈገግታዋን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች። ሽታዬ ቀናም አይሉ፤ የበሰበሰውን በቢላ እየቆረጡ ይጥላሉ።

«እንጅባራ ላይ ጋኔን ቤት ተከራይቶ ሦስት ወር ሲቀመጥ አከራይቱ አላወቀችም? ተያዥህ ማነው አላለችም? የማን ልጅ ነህ አላለችም? ልብስ አጥቦ ሲያሰጣስ አላየችም?»

«ልቦለድ ነው እኮ እማማ፤ ፈጠራ ነው።»

«በሩም ፈጠራ ነው? ሰማያዊ ብለሽዋል፤ የተጣመመ መቀርቀሪያዬ ሳይቀር አለበት። ጠንቋይ ብትይኝ አይከፋኝም ነበር። ጠንቋይ ቢያንስ ያውቃል።»

ሃና ወደ ሰማያዊው በር ዘወር ትላለች።

«እኔ የማላውቀው ነገር እዚህ ሰፈር ገብቶ ያድራል? የገበየሁ ሚስት ማርገዟን ከራሷ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ። የጎረቤታችን የደሴ በግ ስትጠፋ የት ግቢ እንደታረደች የተናገርኩት እኔ።»

«ሽታው ብቻ ይበቃቸዋል» ትላለች ማስተዋል።

«አሁን ሰው ምን ይለኛል? ቤቷ ጋኔን ሲያድር የማታውቅ ሞኝ። ወሩ ሲያልቅ ክፍሌን ልቀቂልኝ።»

«እማማ፣ ሥራዬ እዚህ ነው። የት እሄዳለሁ?»

«ዘንገና ነዋ። ጋኔንሽ ወጥቶ የለ፣ ቦታው ክፍት ነው።»

ማስተዋል ሳቋን ትለቀዋለች። ሃና ከንፈሯን ነክሳ ትነሳለች።

ያን ጊዜ ሽታዬ ቢላቸውን መሬት ላይ ያስቀምጣሉ።

«አንቺ ይታይሽ» ይላሉ ረጋ ብለው። «ይች ልጅ ከግድግዳሽ ማዶ አራት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ስትጽፍ አንድ ቀን አውቀሻል? ተማሪዎቹ ባጃጅ ውስጥ እስኪያወሩት ድረስ ወሬውም አልነበረሽ። ጋኔኑንማ በምን ታውቂው ኖሯል?»

የማስተዋል ሳቅ መሐል ላይ ይቀራል። እማማ ይታይሽ ሽታዬ የጣሉትን የበሰበሰ ድንች አንስተው ከደህናው ጋር ይጨምራሉ።