ተቆጣጣሪው የነቀለው ችግኝ

ወረዳው የወንዙን ዳር ችግኝ ላለበሰ ሰፈር የድጋፍ ግንብ ማሠሪያ ገንዘብ እሰጣለሁ አለ። ግንቡ ለክረምት ካልደረሰ የእትዬ ዘርፌን ቤት ወንዙ ይወስደዋል። ዐምና ተከልን፤ ችግኙን የበሉት ግን፣ ማን ይናገራቸዋል፣ የራሳቸው የእትዬ ዘርፌ ፍየሎች ናቸው። የወረዳው ተቆጣጣሪ ችግኙን ሊያይ ሊመጣ ሲል ከየአጥሩ ቅርንጫፍ እየቆረጥን ሰካን።

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አንዱን ሳብ ቢያደርገው እጁ ላይ ቀረ።

«እናቴ፣ የዚህ ሥሩ የት አለ?»

«ገና ሕፃን እኮ ነው ልጄ» አሉ እትዬ ዘርፌ። «ታገሠው።»

የተሰነጠቀ ግድግዳቸውን ቆሞ አየ። ከዚያ ቅርንጫፉን መልሶ ተከለና ዙሪያውን በጫማው ጠቀጠቀው።

«ሁሉንም ጠለቅ አድርጉት» አለን። «ነገ አለቃዬ ይመጣል፤ እሱ የሚስበው በሁለት እጁ ነው።»