አትፈታም

«አፍዎን ሰፋ አድርገው ይክፈቱልኝ፣ አባባ» አለች ሐኪሟ። ጋሽ መፍቻ መንጋጋቸው ቋ እስኪል ከፈቱ።

መፍቻ ብለው ያወጡላቸው የጋራዥ ሰዎች ናቸው። አርባ ዓመት መካኒክ ሆነው ሲሠሩ፣ የዛገ ይሁን የተጣበቀ፣ እጃቸው ገብቶ ሳይፈታ የቀረ ብሎን የለም። አልበገር ያላቸው ሰው ሠራሽ ጥርስ እንዲሸከም በገዛ መንጋጋቸው የተተከለው የታይታኒየም ብሎን ነው፤ እሱ ደግሞ ያስቸገራቸው አልይዝ ብሎ ነው። ሁለት ጊዜ ተተክሎ ሁለት ጊዜ ወጣ። ሁለተኛው የወጣውማ አማቾቻቸው በተሰበሰቡበት ማዕድ ላይ ነው፤ ሥጋውን ነከስ ሲያደርጉ ከነጥርሱ ሳህኑ ላይ ቀጭ አለ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት መብላት ትተዋል።

ይህቺ ሐኪም ግን አዲስ ነገር ይዛ መጣች። አጥንት የሚያሳድገውን ሆርሞን በደም ሳይሆን፣ ብሎኑ በሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ብቻ ጠብ ማድረግ።

«የእድገት ሆርሞን ነው ያልሽኝ?» ብለው ነበር ጋሽ መፍቻ ይህን የነገረቻቸው ዕለት። «ታዲያ ቁመትም ይጨምርልኝ ይሆን?»

«አጥንትዎ ከያዘልን ቁመቱ ይቅርብን፣ አባባ።»

ግራና ቀኝ ሁለት ብሎን ተከለች፤ አንዱን በሆርሞን፣ አንዱን ባዶውን። የትኛው የትኛው እንደሆነ መዝገቧ ላይ ጽፋ ለማንም ሳትናገር ሦስት ወር ጠበቀች።

ዛሬ ብሎኖቹ መያዛቸው ሊፈተሽ ነው፤ ያስተማሯት ፕሮፌሰር ከጎኗ ቆመዋል። «ስኳር ያለበት የሰባ ዓመት አጥንት!» አሏት ገና ሲገቡ። «አሸዋ ላይ ምሰሶ ማቆም ነው። ካልያዘ ይህን ነገር ትተዪዋለሽ።» ጋሽ መፍቻ አፋቸውን እንደከፈቱ ሰሙ። አጥንታቸው በፊታቸው ሲታማ የመጀመሪያቸው ነው።

ፕሮፌሰሩ ከጣት የማትረዝመዋን፣ ጥብቀት የሚለካ ጠቋሚ ያላትን የብሎን ቁልፍ ራሳቸው አነሱ። ግራው ላይ ገጠሙና ወደሚፈታበት ገፋ አደረጉ።

ዞረ።

ጋሽ መፍቻ ያልያዘ ብሎን ከሩቅም ያውቃሉ። ዐይናቸውን ጨፈኑ። ያዘኑት ለራሳቸው አልነበረም፤ አጠገባቸው ለቆመችው ሐኪም ነው።

«አላልኩሽም?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ቀኙ ይቀራል» አለች። ድምጿ ቀጠነ እንጂ አልተሰበረም።

ቀኙ ላይ ገጠሙ። ገፉ። ምንም። ጨመር አደረጉ። የቁልፏ ጠቋሚ ቁጥሮቹን አልፎ ወደ ጫፍ ወጣ፤ ብሎኑ ንቅንቅ የለም። እንዲያውም የጋሽ መፍቻ ጭንቅላት ከቁልፏ ጋር አብሮ ትራሱ ላይ ዞረ።

እንዲህ ሙጭጭ ያለ ብሎን ስንቴ ተራግመዋል! አሁን ግን ሳቅ ከደረታቸው ገነፈለ። የፕሮፌሰሩን እጅ ከአፋቸው አውጥተው ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ይተዉት ጌታዬ፣ አይልፉ! ይህቺ አትፈታም! ስፈታ የኖርኩ ሰው ልንገርዎ፤ አጥንቱ ነክሶ ይዟታል!»

«ሆርሞኑ ያለው በየትኛው ነው?» አሉ ፕሮፌሰሩ ቀስ ብለው።

ሐኪሟ መዝገቡን ገልጣ አሳየቻቸው። «በቀኙ» አለች። ዐይኖቿ ሞሉ።

«በይ እንግዲህ ግራውንም ነቅለሽ በዚያው ትከዪልኝ!» አሉ ጋሽ መፍቻ። «አማቾቼን እንደገና እጠራለሁ። አጥንት ነው የማቀርብላቸው!»

ፕሮፌሰሩ አልሳቁም። ጠቋሚውን ደግመው አነበቡ። ከዚያ ጓንታቸውን አወለቁና ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። ወረቀት ፈለጉ፤ አጡ።

«ስንት ጠብታ ነበር ያደረግሽው?»

«ሦስት።»

ሽበታሙ ፕሮፌሰር ፈተና ላይ ሊኮርጅ እንደተዘጋጀ ተማሪ ጎንበስ ብለው መዳፋቸው ላይ ጻፉት።