የካፖርት ብል

ልጄ በቀለ የተወሰደበት አገር ይበርድ ይሆን? ዛሬም ይህንኑ ሳብሰለስል ነው የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ኑርቶ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ሳህን ላይ የተደፋ ብርጭቆ ይዞ የሚገባው። ብርጭቆው ውስጥ አንዲት ትንሽ የእሳት እራት አለች።

ከዘገዬ ቤት የተያዘች ናት ይለኛል። ዘገዬ ጎረቤታችን ነው። አምና እኛ ቤት ስትበር ያያትን የእሳት እራት፣ የእህል ናት፣ እህል ደብቀዋል ብሎ የጠቆመብን እሱ ነው። ከሟች ባሌ በርኖስ የወጣች ብል ነበረች። ብናገር ማን ሰማኝ? በቀለን ወሰዱት። አሁን ተራው የዘገዬ ሆነና ቀበሌ ታስሯል።

«እማማ ተሻለች፣ እህል መጋዘን ያረጀሽ አንቺ ነሽ» ይላል ኑርቶ። «የእህል ናት ካልሽ በቀለ ወደሄደበት ይሸኛል። ብል ናት ካልሽ፣ ወላሂ፣ አሁኑኑ እፈታዋለሁ።»

የዘገዬ ሚስት በለጠች ተከትላው ገብታ እግሬ ላይ ትወድቃለች። የካፖርቱ ብል ናት ትለኛለች፤ በድሬ ሙቀት ካፖርት ማን ይለብሳል፣ ሳጥን ውስጥ ተበልቶ አለቀ እያለች ታለቅሳለች። ተነሺ አልላትም። እኔም ያኔ፣ ብል ናት በልልኝ ብዬ ባሏ እግር ላይ ወድቄ ነበር።

የበቀለ ልጅ የሺአረግ ፋኖሱን ታቀርብልኛለች። መለየቱን ያስተማርኳት እኔው ነኝ። የእህሏ የእሳት እራት ገለባ ትመስላለች፣ ክንፏ ጫፉ ላይ ይሾላል፤ ብርሃን ስታይ ትከንፋለች። ብል ግን ወርቅማ ናት፣ አናቷ ላይ ቀላ ያለ ጨብራራ ጠጉር አላት፤ ብርሃን ስታይ በእግሯ ሮጣ ትደበቃለች።

ፋኖሱን አስጠጋለሁ። ብርጭቆው ውስጥ ያለችው ቀይ አናቷን ደፍታ ወደ ጥላው ትሮጣለች። የሺአረግ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ አይታ እፎይ ስትል ይሰማኛል።

«እህስ?» ይላል ኑርቶ።

«የእህል ናት።»

ዘገዬ ያኔ የተናገረውን ቃል ነው የተናገርኩት፤ አንዲት ፊደል አልጨመርኩበትም። አፌ ውስጥ ይጣፍጠኛል።

ኑርቶ ሳህኑን ይዞ ይወጣል።

የሺአረግ ነጠላዋን ከሚስማሩ ታወርዳለች። መሽቷል እኮ፣ ሰዓት እላፊ ደርሷል፣ ወዴት ነው የኔ ልጅ እላታለሁ። ወደ እኔ ዞራ አታይም። በለጠችን ከመሬት ደግፋ ታነሳና ይዛት ትወጣለች።