ለልምምድ ያነሳሁት የእማማ በለጥሽ ግድግዳ

እማማ በለጥሽ «ቤቴን ሊያፈርሱት ነው» እያሉ ዕቃቸውን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ሲከቱ ቆሜ አየሁ...

ጥፋቱ የኔ ነበር። ግን ዝም አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው...

አርባን ካለፍኩ በኋላ በስልኬ ፎቶ ማሳመር መማር ጀመርኩ።

የግድግዳ ስንጥቅ ወይም የዛፍ ቅርፊት ታነሳላችሁ... ከዚያ ስስ አድርጋችሁ ሌላ ፎቶ ላይ ትደርቡታላችሁ። ፎቶው የድሮ ሥዕል ይመስላል።

የመጀመሪያ ሙከራዎቼማ ፊቴን የተቦረቦረ አስፋልት አስመስለውት ነበር!

ሲቀላ ሰፈር ያሉት ጎረቤቴ፣ የእማማ በለጥሽ ጭቃ ቤት ግን ስንጥቁ ልዩ ነው። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ከየአቅጣጫው አነሳሁት።

የምሠራው ማዘጋጃ ቤት መሆኑን ረስቼ...

ሲመሽ ሰፈሩ ሁሉ «የማዘጋጃዋ ሴትዮ ቤቱን ቀርጻ ሄደች፤ ሊፈርስ ነው» ይል ነበር። እማማም ያኔውኑ ዕቃቸውን መክተት ጀመሩ።

እውነቱን ልናገር ስል አፈርኩ። «በዚህ ዕድሜዋ በፎቶ ትጫወታለች» እንዳይሉኝ...

ብዙም ሳይቆይ ልጃቸው ኢሳያስ ወሬው ደርሶት ከምዕራብ ዓባያ ከች አለ።

ሙዝ ነጋዴ ነው። መንገዱ በሚኒባስ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ነው... እናቱን ካየ ግን ዓመት አልፎታል።

«አርጅቷል ብለው ከሆነ አድሰዋለሁ! ማን እንደሚያፈርሰው አያለሁ!»

ጭቃ አስቦካ። ግድግዳውን አስመረገ። ጣራው ላይ ራሱ ወጥቶ ሚስማር መታ።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። እማማን ወደ ጓሮ ወስጄ ስልኬን አሳየኋቸው... የልጄ ፎቶ ላይ የግድግዳቸው ስንጥቅ ተደርቦ፣ ከፊቷ ላይ ብቻ ተጠርጎ።

«እማማ፣ የሚፈርስ ቤት የለም። ለልምምድ ነው ያነሳሁት።»

ስልኩን ዓይናቸው ድረስ አስጠጉት።

«ይኼ የኔ ግድግዳ ነው?»

«አዎ...»

«ያምራል እኮ!»

ከዚያ ክንዴን ጨበጥ አደረጉኝ።

«እንዳትነግሪው!»

«ማንን?»

«ኢሳያስን ነዋ! እኔማ ወሬውን የሰማሁ ሌሊት ሳለቅስ አድሬ፣ ጠዋት ማዘጋጃ ሄጄ ጠየቅኩ። ‹ማንም አያፈርስም እናቴ› አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩትም?»

«ልጄ... ቤቱ ይፈርሳል ባይባል ይመጣ ነበር?»

«እሺ፣ አልነግረውም» አልኳቸው።

አሁን ኢሳያስ እሑድ እሑድ ከቸርች በኋላ ይመጣል። ሳቃቸው እኔ ቤት ድረስ ይሰማል...

ትምህርቱ፦ በአንድ ቃል ልናጠፋው የምንችለውን ወሬ አፍረን ዝም ካልን፣ እኛም አውርተነዋል።

እናንተ ብትሆኑ ለኢሳያስ ትነግሩት ነበር? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።

ስማቸውን ቀይሬያለሁ። እማማ ስቀው ይቅር ብለውኛል... ያን ሌሊት ስላስለቀስኳቸው ግን እናንተም ይቅር በሉኝ።