ጌጤነህ የለጠፈው ቅጠል

በአዲሱ ሕግ፣ የዱር ቁጥቋጦ በቅሎበት እንደነበር በዕፅዋት መዝገብ የተጻፈ መሬት ሁሉ ሰው ለቅቆለት ለቁጥቋጦው ይመለሳል። የወይዘሮ ትሁኔ ቤትም ነገ ይፈርሳል።

መዝገቡን ከሠላሳ ዓመት በፊት የሞላው የዕፅዋት ሰብሳቢው ጌጤነህ ነው። ያኔ የወይዘሮ ትሁኔ ቤት ያለበትን ዳገት መውጣት ሰንፎ፣ የቁጥቋጦውን ብርማ ቅጠል ከአንድ የከተማ ሆቴል አጥር ቀጠፈ። አድርቆ ወረቀት ላይ ለጠፈውና የእሳቸውን ጓሮ የተገኘበት ቦታ ብሎ ጻፈ።

ዛሬ እውነቱን ሊነግራቸው መጣ። ጎመናቸውን ከሥሩ ነቅለው፣ በጣሳ ውኃ ይዘው ጓሮ ቆመው አገኛቸው።

«ልጄ፣ ቁጥቋጦውን በዓይንህ ያየኸው አንተ ነህ አሉ። የቱ ጋ ነበር?» አሉት። «ሳላውቅ ስረግጠው መኖሬ አሳፈረኝ። ሳልሄድ እንኳ ውኃ ላጠጣው።»

ጌጤነህ ሊነግራቸው የመጣውን ትቶ ጣቱን አንሥቶ ጎመኑ የተነቀለበትን ባዶ መደብ አሳያቸው።

ወይዘሮ ትሁኔ ጫማቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉና፣ ውኃውን ቀስ አድርገው እያፈሰሱ «ይቅር በለኝ» አሉት፣ ያልነበረውን ቁጥቋጦ።