እንትፍ ትበልበት

«እንዳትከፍቺ!» እትዬ ለተኪዳን የየኔነሽን ክንድ ጨምድደው ያዙ።

የኔነሽ ልጇን ታቅፋ በሩ ሥር ቆማለች። ዓመት ያልሞላው ይልማ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሰውነቱ እንደ እሳት ይነዳል። ሐኪሙ ጠዋት አየውና «ይወርድለታል፣ ፈሳሽ አጠጪው» ብሎ ሸኛት። ደወሉ ድጋሚ ጮኸ። ማን እንደሆነ ሁለቱም አውቀዋል፤ በዚህ የጀርመን አገር የግሪስሃይም ሰፈር ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉት በሮች ሁለት ብቻ ናቸው።

«እሷው ናት የበላችው» አሉ እትዬ ለተኪዳን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሥራ ስትሄጂ ደህና አልነበረም? ቀኑን ሙሉ በማን እጅ ዋለ? ‹ዓይኑ ሲያምር፣ ዓይኑ ሲያምር› ትል የለ? በሯ መቃን ላይ የቸነከረችውን ክታብ መሳይም አይቻለሁ። አይሁድ ናት፣ ጓለይ፣ ልጄ። የአገርሽ አይሁዶች ቡዳ ከሆኑ የዚህኞቹ ምን ይሆናሉ ብለሽ ነው?»

ሌላ ሰው ቢላት ትስቅ ነበር። ግን እኒህ ሴት በምጧ ጊዜ ማንም ሳይኖራት ሌሊቱን ሙሉ እጇን ይዘው ያደሩ ናቸው። ቤቱንም ያገኙላት እሳቸው ናቸው። ከበሩ ወዲያ ያሉት ፍራው ሃይማን ደግሞ ለፍሩሺክት፣ ለማለዳው ፈረቃ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ጽዳት በምትሄድበት ሁሉ ገና ሳይነጋ በሌሊት ልብሳቸው ወጥተው ልጁን ይቀበሏታል።

ክንዷን አስለቅቃ ከፈተች።

ፍራው ሃይማን የተፈቀፈቀ ፖም በትንሽ ሳህን ይዘው ቆመዋል። «ይቺን እንኳ ይቀምስ ይሆናል ብዬ…» ይልማ ገና ሲያያቸው ተንጠራራ። አሮጊቷም እጃቸውን ዘረጉ። የኔነሽ ሳታስበው ልጁን ወደ ደረቷ አጥብቃ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

የተዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ።

«እንትፍ ትበልበትና ትሂድ» አሉ እትዬ ለተኪዳን ከኋላ፣ በአማርኛ። «ንገሪያት። አይሁድ ብትሆንም የሠራችውን መፍታት አያቅታትም።»

ፍራው ሃይማን ሳህኑን በቀስታ ጫማ ማስቀመጫው ላይ አኖሩት። «ስለ እኔ ነው አይደል የምታወሩት?» አሉ በጀርመንኛ። «‹አይሁድ› ሲሉ ሰማሁ። ያቺን ቃል በየትኛውም ቋንቋ ብትመጣ አውቃታለሁ። በዚህ በጋ እንኳ መሀል ከተማ ሰልፈኞች ‹አይሁድ› እያሉ ሲጮኹ ነበር።»

የኔነሽ መዋሸት ፈለገች፤ ግን እውነቱ አመለጣት። «ልጁን ያሳመሙት እርስዎ ነዎት ይላሉ።»

ፍራው ሃይማን አልተቆጡም። አልደነገጡምም። የሰሙትን ነገር ከቆየበት ቦታ እንደሚያነሡ ሁሉ በቀስታ ማውራት ጀመሩ።

«ከበታችን ፎቅ የነበረችው ጎረቤታችንም እንዲሁ ብላን ነበር፤ ልጅ ሆኜ፣ ከጦርነቱ በፊት፣ እዚሁ ከተማ ኦስትኤንድ ሰፈር ስንኖር። ልጇ ታመመችና ‹በሽታው ከእናንተ ነው› አለች። ጸጉሬን የምትጎነጉንልኝ እሷ ነበረች። ከዚያ ወዲያ ደረጃው ላይ ስታገኘኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ጀመር። እኔን ወላጆቼ በባቡር ወደ እንግሊዝ ላኩኝ። እነሱን ከሌሎች አይሁዶች ጋር ከኦስትሃፈን ወደብ አጠገብ ካለው የአትክልት ገበያ አዳራሽ ጭነው ወሰዷቸው፤ አልተመለሱም።» ሳህኑን ወደ የኔነሽ ገፋ አደረጉ። «ፖሙን ግን አብዪው። ጨቅላ ነው፣ ምን በወጣው።»

ዞረው ወደ በራቸው ሄዱ። «እኔ አይደለሁም» ለማለት እንኳ አልሞከሩም። የኔነሽን የወጋት ይህ ነበር።

«እትዬ» አለች ፊቷን ሳታዞር። «ይሄን ነገር እኔ አይቼዋለሁ። ጎንደር፣ ወንድሜን ኩፍኝ የያዘው ጊዜ፣ ሸክላ ሠሪዋን እማማ ሰገንን ከቤታቸው ጎትተው አመጧቸው። እነዚያም አይሁድ ናቸው የሚባሉት፣ ቤተ እስራኤሎቹ። ‹እንትፍ በይበት!› አሏቸው። አፋቸው ከፍርሃት የተነሣ ደርቆ ምራቅ አልወጣ ቢላቸው ውሃ ሰጥተው አስተፏቸው። ወንድሜ በማግስቱ ሞተ። ጎጇቸውን አቃጠሉት፤ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። እኛ ግን እሳቸው በሠሩት እንስራ ስንት ዓመት ውሃ ጠጣን።»

«ልጅሽ ቢሞትብሽስ?»

የይልማ ትንፋሽ አንገቷን ያቃጥላታል። ፍራው ሃይማን በራቸው ላይ ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ ለማስገባት ይታገላሉ። የኔነሽ ደፉን ተሻገረች።

«ይያዙልኝ» አለች ልጁን እያቀበለች። «ክንዴ ዛለ።»

እትዬ ለተኪዳን ጃኬታቸውን አንሥተው በመካከላቸው አለፉ። «እኔን በእሷ ለወጥሽኝ» አሉ ደረጃው አፋፍ ላይ ቆመው።

«ማንንም በማንም አልለወጥኩም፣ እትዬ። ነገም ይምጡ፤ እሳቸውም ይመጣሉ።»

እትዬ ለተኪዳን ደረጃውን ወረዱ።

ፍራው ሃይማን ልጁን ይዘው ተመልሰው የየኔነሽ አልጋ ላይ አስተኝተው ካናቴራውን ገለጥ አደረጉ። ደረቱ ላይ ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣብ ወጥቷል። የኔነሽ ኩፍኝ መሰላት። አሮጊቷ ግን ሳቅ አሉ፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ።

«የሦስት ቀን ትኩሳት ነው! ሁለቱንም ልጆቼን ይዟቸው ነበር። ሽፍታው ወጣ ማለት አለቀ ማለት ነው። እስቲ ግንባሩን ዳስሺው።»

ዳሰሰችው። እየበረደ ነው፤ በላብ ረጥቧል። በመጀመሪያ ልትነግራቸው የፈለገችው እትዬ ለተኪዳንን ነበርና ሮጣ መስኮቱን ከፈተች።

እታች ትራም ፌርማታው አግዳሚ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ልትጣራ አፏን ስትከፍት ትራሙ መጣና ጋረዳቸው። በሮቹ ተከፈቱ፤ ተዘጉ። ትራሙ ሲነቀል እትዬ ለተኪዳን እዚያው ናቸው፤ ቀና ብለው ወደ መስኮቱ ያያሉ።